የበልግ ልጆችና የሐይቁ መዝገብ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ አካባቢ ጥበቃ የቡድን ሥራ የሚያቀርቡ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 በመቶ ነው።» ክፍሉ በሐዘን ያዳምጣል። ቁጥሩም ከዚያ ወጥቶ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ከመመረቂያ ጽሑፉም ወደ ሬዲዮና ወደ መድረክ ንግግር ይሄዳል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የኢትዮጵያን ደን የለካ አልነበረም። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ ቁጥር ከመስክ ልኬት የመጣ ሳይሆን ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲቀዳ የኖረ ግምት መሆኑን አሳይቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበው ሰነድ የአገሪቱን የደን ሽፋን 15.5 በመቶ አድርጎታል፤ ደን ተብሎ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ቁጥሩም አብሮ ይለዋወጣልና።

ተማሪዎቹ የተናገሩት ከቅን ልብ ነው። ለአገራቸው መሬት ያዝናሉ፤ የሆነ ነገር እንደተበላሸም በትክክል ይሰማቸዋል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያላቸው ግንዛቤ ጎዶሎ የሚሆነው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ የትኛው ጉዳት ከየትኛው ምክንያት እንደመጣ ለይቶ በማወቅ ላይ። ይህን መለየት ለመማር ደግሞ ከደቡብ ወሎ፣ በተለይም ከሐይቅና ከአምባሰል የተሻለ የመማሪያ ቦታ በኢትዮጵያ ማግኘት ይከብዳል።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የሐይቅ ከተማ ይገኛል። በስተምሥራቁ የተኛው ሐይቅም ስሙ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ደግሞ እስከ 80 ሜትር ይደርሳል። ከላይኛው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ በአብዛኛው በትነት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ድርቅ ሲበረታ ይጎድላል፤ የእያንዳንዱ ዘመን ደለልም በላይ በላይ እየተነባበረ ሥሩ ይቀመጣል።

አንዱን ማስረጃ ያለ ማይክሮስኮፕም ማየት ይቻላል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያደራጁት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያኔ በደሴት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሩን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ይመላለሱ እንደነበር፣ በደሴቱ ላይ ሎሚና ብርቱካን፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ጉማሬ እንደነበረ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ የመጡት የግራኝ አህመድ ወታደሮችም ወደ ገዳሙ ለመሻገር ታንኳ ማዘጋጀት ነበረባቸው። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል።

ጠለቅ ያለው መዝገብ ግን ያለው ጭቃው ውስጥ ነው። የዌልሱ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊው የጥንት አየር ንብረት ሊቅ ሙሐመድ ዑመር፣ ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል ረጅም ቱቦ እየሰደዱ ደለል አወጡ። ጭቃው ንብርብሩ ሳይናጋ ከቱቦው ሲወጣ የላይኛው ጫፍ የቅርብ ዓመታት፣ የታችኛው ጫፍ የጥንት ዘመን ነው። ከየደረጃው ጥቂት ጭቃ ተወስዶ በኬሚካል ሲታጠብ የዕፅዋት ብናኝ ይቀራል። የብናኙ ቅርፊት በቀላሉ ስለማይበሰብስ ከሺህ ዓመታት በኋላም የጽዱ ከዝግባው፣ የወይራው ከሣሩ በማይክሮስኮፕ ተለይቶ ይቆጠራል።

ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። በአካባቢው የነበረው የዝግባና የጽድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመታት ያህል ምድሩ በክትክታና በሣር ተሸፍኖ ኖረ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ግን ጽዱና ወይራው ተመልሶ በቀለ። አልቫሬዝ በዚያ ሲያልፍ ያየው እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የኖረ ደን ሳይሆን እንደገና በማንሰራራት ላይ የነበረ ደን ነው። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ሁለተኛው ምንጠራና የአፈር መሸርሸር መጣ። የወሎ ደን ታሪክ ከ40 ወደ 3 ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር አይደለም፤ ወርዷል፣ ወጥቷል፣ እንደገና ወርዷል። መጥረቢያውም እሳቱም ከፋብሪካ ጭስ ዘመን እጅግ ቀድሞ የጀመረ የሰው ሥራ ነው።

ያው ጭቃ የዝናቡንም ታሪክ ይናገራል። ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ያለበት ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። በሐይቁ ውስጥ የሚረጋው ኖራ የዘመኑን ውሃ ይዞ ስለሚቀር፣ ከባዱ ኦክስጅን የበዛበት ንብርብር የድርቅ ዘመን ምልክት ነው። በዚህ ዘዴ ያለፉት 2,000 ዓመታት ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዳያቶም የሚባሉትን፣ የመስታወት ዓይነት ቅርፊት ያላቸውን ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት በመቁጠር 15,600 ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ሐይቁ ዝቅ ብሎ የነበረበት ዘመን አለ፣ ሰሐራ ሳይቀር ለምለም በነበረበት የእርጥበት ዘመን የተሞላበት ጊዜም አለ።

ይህን የሰማ ተማሪ ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። «አየር ንብረቱ ድሮም ይለዋወጥ ከነበረ የአሁኑን ምን የተለየ ያደርገዋል?» መልሱ ፍጥነቱና ምክንያቱ ነው። የጥንቱ ለውጥ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በምትዞርበት መንገድ ላይ በሺህ ዓመታት ውስጥ ከሚታይ ዝግ ያለ ለውጥ ጋር የተያያዘ ነበር። የአሁኑ ግን ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ 280 እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስት መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ420 በላይ በመድረሱ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ብቻ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ መቀነሱም በአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መዝገብ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሏል።

አሁን ከሐይቁ ወደ አምባሰል ወጣ እንበል፤ ብዙ የወሎ ተማሪ ያደገው እንደዚያ ባለ የገበሬ መንደር ነውና።

የአምባሰል ስም ለብዙ ኢትዮጵያዊ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ለታሪክ አንባቢ ደግሞ ውጫሌ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ውል የተፈረመው እዚሁ ወረዳ ነው። ውሉ የተፈረመበት ጊዜ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው የረሃብ ዘመን የጀመረበት መሆኑ ግን ብዙም አይነሣም። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰ፣ ዝናቡ ቀረ፣ አንበጣ ተከተለ። የወሎ ገበሬ ድርቅን በስሙ የሚያውቀው ከዚያ ጀምሮ፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ነው።

ለገበሬው ዓመቱ በሁለት ዝናብ ይከፈላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ደገኛው ገብሱን በበልግ ይዘራል። ዝቅ ባለው አገር ያለው ገበሬ ደግሞ በበልጉ እርጥበት ሚያዝያ ላይ ማሽላውን ዘርቶ፣ ክረምቱን አሳድጎ ኅዳር ላይ ይሰበስበዋል። እንደ ደጋሌት ያለው የወሎ ነባር ማሽላ ቁመቱ ከሰው በላይ ነው። እሸቱ ይበላል፣ እህሉ ለእንጀራ ይሆናል፣ አገዳው የከብት ቀለብ፣ ማገዶና አጥር ይሆናል። በልጉ ሲቀር ይህ ሁሉ ይቀራል። ገበሬው እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ቶሎ የሚደርሱት ዝርያዎች፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጨምሮ፣ ድርቅን ያመልጣሉ። አጫጭር ናቸውና አገዳቸው ግን ለከብቱ አይበቃም። በልግ የቀረበት ቤት ጉዳቱን በመጀመሪያ የሚያየው በላሟ ላይ ነው።

የአሜሪካ የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ትንተና በአንዳንድ የኢትዮጵያ ክፍሎች የበልግና የክረምት ዝናብ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ ከውጫሌ በላይ ካለ ቀበሌ ተነሥቶ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» በሚለው የጋራ ትምህርት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲማር፣ ትምህርቱን ከመስማቱ በፊት ኖሮታል። አባቱ የዘር ወሩን ሲቀይር አይቷል። ችግሩ ሁለቱ ዕውቀቶች አለመገናኘታቸው ነው። በፈተና ወረቀት ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ ተፅዕኖዎች» ሲባል የበረዶ መቅለጥና የባሕር ወለል ከፍታ ይጻፋል፤ ስለ አምባሰል በልግ አንድ መስመር የሚጽፍ ጥቂት ነው። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ተደርጎ አልተጠየቀም።

አፍሮባሮሜትር በ34 የአፍሪካ አገሮች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሰሙት 58 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ምን እንደሆነ በትክክል የተረዱት፣ ሰውም ምክንያት እንደሆነና ጉዳት እንደሚያመጣ የሚያውቁት ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ክላይሜት ቼንጅ መጽሔት የወጣ የ33 አገሮች ትንተና ደግሞ ይህን ዕውቀት ከሚያሳድጉት ነገሮች ዋነኛው ትምህርት መሆኑን፣ ሴቶች ግን ከወንዶች በ12.8 በመቶ ዝቅ ብለው መገኘታቸውን አመልክቷል። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ የምታድረው ሴት ስለ ድርቅ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያልደረሳት የድርቁ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባችው እህቷ ወይም ልጇ ይህን ይዛላት ብትሄድ ትልቅ ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ መግባትም ቢሆን ሁሉን አያጠራም። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ስህተት አለ፤ ተማሪዎች የኦዞን መሳሳትና የምድር መሞቅ አንድ ነገር ይመስሏቸዋል። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚከላከል ነው፤ እርሱን የሚያሳሳው በዋናነት ለማቀዝቀዣና ለመርጫ ቆርቆሮዎች ይውል የነበረ ጋዝ ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መፍትሔ አምጥቷል። ምድርን የሚያሞቀው ግን ወደ ጠፈር ሊወጣ የሚገባውን ሙቀት የሚይዘው ጋዝ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ መፍትሔውንም ያምታታል።

ከዚህ የከበደው ስህተት ግን ረሃብን ሁሉ በድርቅ፣ ድርቅን ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ነው። ወሎ ይህን ስህተት የሚያርም የራሱ ታሪክ አለው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥም ተማሪዎች አሉበት።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ዝም አለ። እርዳታ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ያመሩ የወሎ ገበሬዎች ከከተማዋ መግቢያ በፖሊስ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ፤ ተማሪውም ለሰልፍ ወጣ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለምን ያስደነገጠው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። የሟቾች ግምት እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ዝቅ ያለው ግምት 40,000 ነው፣ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚያደርሱትም አሉ።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ ሲመረምር ያገኘው ማንኛውም የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ሊያነበው የሚገባ ነው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የምግብ ምርት እምብዛም አልወረደም። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም ሰማይ አልነካም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሄደ እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር እህሉ እያለ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ዝናቡን ያስቀረው ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ሰውን የገደለው ግን የመሬት ሥርዓቱ፣ ድህነቱና ዝምታው ነው። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ስለ ካርቦን የሰሙት ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አልጠፋቸውም።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የሆነው ሌላውን ጎን ያሳያል። በልጉ ቀረ፣ ቀጥሎ ብርቱ ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ፣ ክረምቱን አዳከመው፤ አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው 10.2 ሚሊዮን ሰዎች መሆናቸው ተገለጸ። ሆኖም የ1977 ዓ.ም. የረሃብ እልቂት አልተደገመም፤ በመካከሉ መንገድ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትና በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ ነበሩ። ሳይንቲስቶች ከዚያ ድርቅ በኋላ መረጃውን ሲመረምሩ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በብዙ መቶ ዓመታት አንዴ ሊያጋጥም የሚችል እጅግ ብርቅ ክስተት ሆኖ አገኙት። የኤልኒኖ እጅ ጎልቶ ታየ፤ የአየር ንብረት ለውጥ እጅ ግን በመረጃው ውስጥ ተለይቶ አልታየም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረናን፣ ሶማሌ ክልልንና ጎረቤት አገሮችን ያደረቀው ድርቅ ሲመረመር ደግሞ መልሱ ፍጹም ሌላ ሆነ፤ በሰው ምክንያት የመጣው ሙቀት ያን ዓይነት ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 ጊዜ ያህል አሳድጎታል። አንድ አገር፣ ሁለት ድርቅ፣ ሁለት የተለያየ ብያኔ። ሳይንስ የሚከበረው እንዲህ «እዚህ አለ፣ እዚህ አላየሁትም» ማለት ስለሚችል ነው።

በተማሪዎች ዘንድ የሚሰማው አስተያየት በአብዛኛው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ጥፋቱ የሀብታም አገሮች ነው፤ እኛ ምን አደረግን?» የሚለው ነው። ፍትሐዊ ቅሬታ ነው፤ ኢትዮጵያ ወደ አየር ከሚለቀቀው የዓለም ጋዝ ውስጥ ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ግን ተማሪው የራሱን አገር ዝርዝር ማወቅ አለበት። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን ልቀት በዓመት 150 ሚሊዮን ቶን ገምቶ ግማሹ ከግብርና፣ በተለይም ከከብት፣ 37 በመቶው ደግሞ ከደን ውድመት እንደሚመጣ አስልቷል። ፋብሪካው ጥቂቱን ነው የያዘው። ይህን የሚያውቅ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ መኖን ማሻሻል የአየር ንብረት ሥራ መሆኑን ይረዳል፤ የማያውቅ ግን ጉዳዩ ለሌላ የትምህርት ክፍል የተተወ ይመስለዋል።

ሁለተኛው «ዝናብ የፈጣሪ ነው» የሚለው ነው። በወሎ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ ዝናብ ሲዘገይ ሁለቱም ወደ አንዱ አምላክ ይጮኻሉ። አንዳንድ መምህራን ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ያዩታል፤ ተሳስተዋል። ዱዓ አድርጎ የተመለሰው ገበሬ እርከኑን ይጠግናል፣ ዘሩን ይለውጣል። እምነቱ እጁን አላሰረውም።

ጭንቀቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሥር አገሮች ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ 10,000 ወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት 59 በመቶው በአየር ንብረት ለውጥ እጅግ እንደሚጨነቁ ተናግረዋል። ከአፍሪካ የተካተተችው ናይጄሪያ ብቻ ናት። የወሎ ተማሪ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ የመጣበት ነው፤ ከምረቃ በኋላ ሥራ የማግኘቱም ነገር ያሳስበዋል። የአየር ንብረቱ ስጋት በልቡ የሚቀመጠው ከእነዚህ ሁሉ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ማስረጃ እዚሁ አለ። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ ኢጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ በ1997 እ.ኤ.አ. እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመ። የድሮው ፎቶ ላይ የተራቆተ ተራራ ነበር፤ በእርሱ ዘመን ግን በየቤቱ ዙሪያ፣ በየሸንተረሩ ዛፍ በዝቶ ተገኘ። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ነባሩን ደን አይተካም፣ ውሃና አፈርን በተመለከተም ክርክር አለበት። የተከለው ግን ገበሬው ራሱ ነው። በየሐምሌው ለአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ የሚተክሉ ተማሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የተማሪ ክበብ ሊሠራው የሚችለው ጠቃሚ ሥራ በተከታዩ ግንቦት ወደዚያው ተዳፋት ተመልሶ የጸደቀውን መቁጠር ነው፤ የከብት ንክኪ በሌለው ክልል ያለውን ካልተከለለው ለይቶ፣ ወይራውን ከባሕር ዛፉ ለይቶ።

እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ32፣ በአዲስ አበባ ይካሄዳል፤ ውሳኔው የተላለፈው በኅዳር 2018 ዓ.ም. በብራዚል ነው። ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ልዑካን ስለ ድርቅ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ወጣት መስማታቸው አይቀርም። ለዚያ ዝግጅት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የኮምቦልቻ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ለአሥርተ ዓመታት ዝናብ ሲለካ ኖሯል። አንድ ዓመት በልግ መቅረቱ የአየር ጠባይ ነው፤ አየር ንብረት ለማለት ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ ይፈለጋል፣ ያም መዝገብ አለ። ተማሪው የየካቲትን፣ የመጋቢትን፣ የሚያዝያንና የግንቦትን ዝናብ በየዓመቱ ደምሮ የ30ውን ዓመት ዝርዝር በኮምፒውተር ይደርድር። ከዚያ ለዕረፍት አምባሰል ሲወርድ አባቱን ማሽላ በየትኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ እንደዘሩ፣ በየትኛው ዓመት እንዳልሆነላቸው፣ እናቱን ደግሞ አገዳው ያለቀበትን ዓመት ይጠይቅና ከዝርዝሩ ጎን ይጻፈው። ሁለቱ የሚገጥሙበት ዓመት ይኖራል፣ የማይገጥሙበትም ይኖራል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ የሚጀምረው ከማይገጥሙት ነው።